ለሲራክ የሰጠሁት ሽንት

ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ሂድ ወደዚያ!» ብዬ አባርረው ነበር። ግን በእኔ በነጋ ላይ ደርሷል... ከፈለጋችሁ ቤተ ክርስቲያን ወስዳችሁ አስምሉኝ።

1988 ዓ.ም.፣ ሐምሌ። ጎፋ፣ እቤታችን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።

ታላቅ ወንድሜ ሲራክ በትንሽ አውሮፕላን የጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ፓይለት ነበር። በየስድስት ወሩ ጤናው ይመረመራል። ከወደቀ መብረር የሚባል ነገር የለም።

ስኳር ያዘው። ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።

በዚያ ጠዋት እኔ ያለሁበትን የሽንት ቤት ቆርቆሮ በር አንኳኳ።

«ነጋዬ...»

«ምንድነው?»

«ሽንትህን ስጠኝ። የአንተን ይመርምሩ።»

«አብደሃል እንዴ?»

«ቀስ በል... ሰው ይሰማል። ካልበረርኩ እሞታለሁ፣ ወንድሜ።»

ሰጠሁት። እጄን በቆረጠው!

«ጤነኛ» የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱ ጓሮ ወጣሁ። ማታ የሸናሁበትን ቦታ ጉንዳን ወርሮታል...

የስኳር በሽተኛ ሽንት ጉንዳን እንደሚሰበስብ ማን ያጣዋል? ደንግጬ ሄጄ ተመረመርኩ። ምንም የለብኝም አሉ።

ሲራክ በሸናበት በኩል ግን አንድም ጉንዳን የለም።

ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አየው።

«ለቀቀኝ ማለት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ስኳሩ። ወረቀቱም ንጹህ ነህ ይላል።»

«የእኔ ሽንት ነው እኮ!»

«ስሙ ግን የእኔ ነው።»

የስኳሩን ኪኒን መዋጥ ተወ። ከሳ፣ ጠቆረ፣ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል። እኔ ከንቱው እያየሁ ለማንም አልተናገርኩም። በጥር ሲለምነኝ ደግሞ እንደገና ሰጠሁት።

በአሥራ አንደኛው ቀን አውሮፕላኑ እርሻው መሀል ወደቀ።

ሰው «ሞተሩ ከድቶት ነው» አለ። እኔ ግን አውቃለሁ። እያወቅሁ ሬሳውን ተሸከምኩ፣ እያወቅሁ አፈር መለስኩበት።

ሐምሌ ደረሰ። ምርመራው በሚውልበት ቀን ጥፋቴ አላስቀምጥ አለኝ። ሁሉንም ልናገር ብዬ በጠዋት ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። አዲስ የገባችው ነርስ፣ ሲስተር ትሩፋት፣ ገና ከበሩ ስታየኝ...

«የሲራክ ወንድም ነህ አይደል? መልክህ ያስታውቃል። እሱ አሁን ወጣ እኮ።»



«ማ... ማን?»

«ሲራክ ነዋ! ዘንድሮ ደምም ይታያል፤ ደሙ ግን እምቢ አለኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁለቱንም ክንዱን ወጋሁት። ጠብ አላለም።»

 ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«‹ሽንትህስ?› ስለው፣ ‹ወንድሜ ይሰጣል› ብሎኝ ሄደ።»

ባዶ ብልቃጥ ዘረጋችልኝ። ስሙ ተጽፎበታል፣ በራሱ በሲራክ የእጅ ጽሕፈት። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ...

እጄ ግን ተቀበላት።