ዐርዋ የት ታንኳኳ?

ዐርዋን ትምህርት ቤት ያያት ሰው ጨዋነቷን አይቶ አይጠግብም ነበር። ኦቲዝም ያለባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ የክፍሉን በር አንኳኩታ፣ «ግቢ» እስክትባል ቆማ ትጠብቃለች። እናቷ ማሪያም ይህን ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ሰፈር ሲደርሱ ግን ያ ሁሉ ጨዋነት የት እንደሚገባ እንጃ! ባለፈው ዐርዋ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጣሂራ ግቢ ሰተት ብላ ገባችና ከአንድ የተከበሩ እንግዳ እጅ ማንጎ መንጭቃ በላች።

ጣሂራ በገነች። «ሆን ብላ እኮ ነው! ትምህርት ቤት ታንኳኳ የለም እንዴ? ቅዳሜ የልጄ የኒካህ ሰርግ ነው፤ እባክሽ ቆልፈሽባት ነይ።»

ማሪያም አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። መምህርቷ የሻረግ ልትጠይቃቸው ብቅ ስትል ግን ሆድ ባሳትና ሁሉንም ነገረቻት።

«ጣሂራ ቤት አንኳኩታ ታውቃለች?» አለች የሻረግ።

«ቲቸር፣ እዚያ በር የለም። ቀርከሃ አጥር ነው፣ መግቢያው ክፍት ነው። ዐርዋ የት ታንኳኳ?»

የሻረግ ራሷን ያዘች። «ወይ እኔ! ጥፋቱ የኔ ነው። እንጨት መምታት እንጂ ሰው ማስፈቀድ አላስተማርኳትም። በር ከሌለ ለእሷ ደንቡም የለም።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሦስቱ ሰፈሩን አዳረሱት። በየአጥሩ መግቢያ፣ በየሱቁ ደጃፍ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ መቆም፣ «ግቢ» እስኪባል መጠበቅ። ጤና ጣቢያ ዐርዋ የመጋረጃውን ጨርቅ ልታንኳኳ ስትታገል እናቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በአምስተኛው ቀን ልጅቱ ማንም ሳይነግራት አንድ የማታውቀው ግቢ ፊት ቆመች።

ቅዳሜ ማሪያም ቁልፉን ትታ ልጇን አስከትላ ወደ ጣሂራ ግቢ ሄደች። ከበሮው ደምቋል፣ ሰዉ እየተጋፋ ይገባል። ዐርዋ መግቢያው ላይ ቆማ «አሰላሙ አለይኩም» አለች። የሰማት የለም። ደገመች። ማሪያም ጎትታ ልታስገባት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው፤ አሁን ከጎተተቻት ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

በመጨረሻ ጣሂራ አየቻት። የያዘችውን ሳህን ለሰው ሰጥታ እየሮጠች መጣች። «ወአለይኩም ሰላም! ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ!»

ዐርዋ እየዘለለች ገባች።

ወላጆች ሆይ፣ መምህራን ሆይ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አንድ ቦታ የተማረውን ሌላ ቦታ ቢተወው «እልኸኛ ነው» ብለን አንቆልፍበት። ወደዚያም ይዘነው እንሂድና እናሳየው።

ጣሂራ ደግሞ የራሷን ትምህርት ወስዳለች። ዐርዋን በአንድ እጇ አቅፋ ወደ እንግዶቿ ዞረችና በሌላው ወገቧን ይዛ ጠየቀች፦ «እስቲ ንገሩኝ! ከዚች ልጅ በቀር አስፈቅዶ የገባ ማነው?»