ከመሰላሉ ሥር የተገኘችው የጭነት መኪና

ዊልፍሬድ ኦርመሮድ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ቀኝ እጁ አጠገብ መዳፍ የምታክል ቀይ የጭነት መኪና በጎኗ ወድቃለች። ሟቹ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ሠላሳውን ዓመት በበርንሊ ከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ በልጅነቱ ዘመን የተሠሩ የብረት መጫወቻ አውቶቡሶችንና የጭነት መኪናዎችን ይሰበስብ ነበር። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ በእነሱ ተሞልቷል፤ የመስኮቱ መጋረጃ ተዘግቷል።

«ከላይ ሊያወርድ ወጥቶ ተንሸራተተ እንድንል ነው የተፈለገው» አለ ኮንስታብል ጊል። «ደሙ ግን እዚያ ምድጃው ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ሰው ጎትቶ አምጥቶታል።»

ኢንስፔክተር ብሬንዳ ሃስላም ቀይዋን መኪና ጎንበስ ብላ አየቻት። ሁለት ጎማ የላትም፤ ቀለሟም ተላጧል። ቀና ስትል ክንዷ መደርደሪያ ነካ። ከመሰላሉ አንድ ስንዝር እልፍ ብሎ፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል ሰማያዊ አውቶቡስ ከነካርቶኑ ተቀምጧል።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዋ ቁርጡን ነገራት፤ አስከሬኑን ያገኘችው የእህቱ ልጅ ጃኒስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትከሰሳለች። የቤቱ ቁልፍ አላት፤ ማክሰኞ ዕለትም ቤቱን ሽጥ እያለች ስትጨቃጨቀው ጎረቤት ሰምቷል።

ጃኒስ በአጎቷ ወጥ ቤት የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች።

«መጋረጃውን አንቺ ነሽ የዘጋሽው?» ስትል ሃስላም ጠየቀቻት።

«መጋረጃው ምን ያደርግልኛል? ስገባ ዝግ ነበር፣ ጨለማ። መብራት አብርቼ ነው ያየሁት። ፀሐይ ቀለማቸውን ያደበዝዘዋል እያለ መች ከፍቶት ያውቃል። ሰውዬው ብርድ ላይ እየኖረ ለአሻንጉሊት ይጨነቅ ነበር።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ሽጥ ያልኩት እኛ ጋ እንዲገባ ነው። ልጆቼን ዛሬ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣቸዋል? ከእኔ ሌላ የላቸውም።»

ሃስላም ወጣች። ጊል በር ላይ ጠበቃት። «ከፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ ትናንት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጋረጃው ተከፍቶ አይተዋል። በስንት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው አሉ።»

ክሊፎርድ ታተርሶል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ እሱም ሰብሳቢ ነው። ሃስላም መጫወቻዎቹ ወዳሉበት ክፍል አስጠራችው።

«ሰማያዊውን አውቶቡስ ሽጥልኝ እያልክ ለምነኸዋል ይባላል» አለችው።

«ዓመት ሙሉ። ሚስቴ እኔን ለጋብቻ ስትጠይቀኝ እንኳ እንደዚህ አልተንበረከክህም ትለኛለች።»

«ዊልፍሬድ መጋረጃ የሚከፍተው መቼ ነው?»

«ቀለም ሊመረምር ካልሆነ አይከፍትም። በአምፖል ካየሽው የታደሰውና የጥንቱ አንድ ነው። በቀን ብርሃን ግን አዲስ ቀለም ራሱን ያጋልጣል።» መደርደሪያውን ሲቃኝ ፊቱ ተኮሳተረ። «አረንጓዴዋ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የት ሄደች? እዚህ ነበረች። ባለፈው ወር ከዴዝመንድ የገዛት።»

ዴዝመንድ ፒካፕ የሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ በዚያ ሐዘን መካከል እንኳ ክራባቱ አልተዛነፈም።

«ዊልፍን ካየሁት ሳምንት ሆነኝ» አለ። «እሁድ የማኅበሩ ስብሰባ ነው። የፊት ወንበር ይዤለት ነበር።»

«እዚያ ሊናገር ያሰበው ነገር ነበር እንዴ?»

«ዊልፍ? ወደ ኋላ ጠጋ በሉ ከሚለው በቀር ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም፣ ኢንስፔክተር።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም መጫወቻዎቹ ያሉበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጃኒስ ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት አልነቀለችም።

«ክሊፎርድ፣ የዚህች ቀይ መኪና ቦታ የት ነበር?»

«ጠረጴዛው ሥር፣ ሳጥኑ ውስጥ። ዊልፍ መለዋወጫ የሚነቅልባቸው ስብርባሪዎች ናቸው።»

«ወለል ላይ ያለ ሳጥን ለመድረስ መሰላል የሚወጣ የለም። መሰላሉን ያቆመው ሰው የወደቀ መጫወቻ አስፈልጎት ነበር። ጃኒስ ብትሆን በእጇ የቀረባትን ትጥል ነበር፤ የቀረበው ደግሞ ይህ ሰማያዊ አውቶቡስ ነው። ይህን ለመጣል እጁ እምቢ ያለው ሰው ተንበርክኮ ከስብርባሪው መረጠ። ሲወጣም ፀሐይ እንዳታገኛቸው መጋረጃውን ዘጋ። ይህን የሚያደርግ ሰብሳቢ ብቻ ነው።»

ክሊፎርድ ተቁነጠነጠ። «እኔም ሰብሳቢ ነኝ።»

«አንተ ብትሆን ሰማያዊው ዛሬ እዚህ አይገኝም ነበር። የተወሰደችው አረንጓዴዋ ብቻ ናት። ዊልፍሬድ መጋረጃውን የከፈተው የእሷን ቀለም ለማየት ነው፤ ጥንታዊ ብሎ ለሸጠለት ሰው ለማሳየት።» ወደ ዴዝመንድ ዞረች። «ቤትዎን የሚፈትሹት ሰዎች አሁን በርዎ ላይ ናቸው።»

ዴዝመንድ ክራባቱን አስተካከለ።

«በሩን አይስበሩት። ጋራዡ ውስጥ ናት» አለ። «ዊልፍ መስኮቱ ጋ ይዟት ቆመና እሁድ በሁሉም ፊት አሳያታለሁ አለኝ። ማኅበሩን አርባ ዓመት መርቻለሁ። ቀለም ቀብቶ የሸጠን ሰው ከዚያ ወዲያ ማንም እጁን አይጨብጠውም። ገፋሁት። የገፋሁት አንዴ ብቻ ነው።»

ጊል ክንዱን ያዘው። ሃስላም ለጃኒስ ካፖርቷን አቀበለቻት። «ሂጂ፣ ልጆችሽ ጋ ትደርሻለሽ።»

ጃኒስ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። «አጎቴ ወዲያው ነው የሞተው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ሃስላም አልዋሸችም። «አይደለም። ሐኪሙ ሃያ ደቂቃ ያህል በሕይወት ነበር ብሏል።»

ጃኒስ ወደ ዴዝመንድ ዞረች። «ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነው» አለችው። «አሥር እርምጃ አይሆንም።»

ዴዝመንድ ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ሳጥን አየ።

«መተንፈሱን አላየሁም» አለ። «ሳጥኑ ውስጥ እየፈለግሁ ነበር።»