የአራት ቁጥር ሳጥን

«ድንቡሼ፣ ነይማ እዪልኝ» አለች አክስቷ፣ ከመብራት ሳጥኑ ላይ ቀና ሳትል።

ድንቡሼ ከትምህርት ቤት መምጣቷ ነበር፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተጠጋች። በሳጥኑ መስታወት ላይ መዳፍ የምታህል፣ ፕሮቲን የሚለይባት ስስ ጄል ተዘርግታለች። በላይዋ ሰማያዊ መስመሮች ከላይ ወደ ታች በየዓምዳቸው ተደርድረዋል። ዓመት ሙሉ ከዚህ ላቦራቶሪ ስለማትጠፋ ድንቡሼ እንዲህ ያለውን ጄል ማንበብ ለምዳለች። እያንዳንዱ ዓምድ የአንድ እንስሳ ሥጋ ነው፤ ይሄ የዶሮ፣ ያ የበግ፣ ቀጥሎ ያለው የወንዝ አሳ። በየዓምዱ አናት ላይ አንድ ወፍራም መስመር መታየት አለበት። ማዮሲን ይሉታል፤ ጡንቻ የሚኮማተረው በእሱ ነው።

በመጨረሻዎቹ አራት ዓምዶች አናት ላይ ግን ምንም የለም። ወፍራሙ መስመር ተሰባብሮ፣ ቀጫጭን ቁርጥራጮቹ እስከ ታች ተበታትነዋል።

«የሐይቁ ወለል አሳ ነው፣ ከአራት ቁጥር ሳጥን» አለች አክስቷ። «ስደግመው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ ሦስቱም ጊዜ ያው። የዚህ አሳ ማዮሲን ራሱን በራሱ ይቆራርጣል ማለት ነው። እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ ሰው የለም፤ ገባሽ?»

የድንቡሼ ጆሮ ጭው አለ። ሦስተኛ ጊዜ ይሁን መቶኛ ምን ልዩነት ያመጣል፣ ሁሉም ከዚያው ሳጥን ከተወሰደ።

አክስቷ በቀላሉ የምትስቅ ሰው አይደለችም። ተማሪዎቿ በኮሪደር ሲያይዋት ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ዛሬ ግን ጥርሷ አልከደን ብሏል። «ነገ ጠዋት በጉባኤው ላይ ለሁሉም አቀርበዋለሁ። ከሦስት አገር የመጡ ሰዎች አሉ። መጨረሻው ላይ ስምሽን አስገብቼዋለሁ፤ ምልክቶቹን የጻፈችው የእህቴ ልጅ ናት ብዬ። ለእናትሽም ደውዬ ነገርኳት፤ እልል ነው ያለችው።»

«ጎበዝ ነሽ፣ አክስቴ» አለች ድንቡሼ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው። በአራት ቁጥር ሳጥን ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቱቦዎች ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ እየደበዘዘ ስለነበር፣ አዲስ ምልክት የመጻፉ ሥራ ለእሷ ተሰጣት። ሳጥኑን ከትልቁ ፍሪዘር ታወጣለች፣ በረዶ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ አሥር ቱቦ ትጽፋለች፣ ትመልሰዋለች። ከአሥር ደቂቃ በላይ ውጭ እንዳይቆይ አክስቷ አስጠንቅቃታለች። የአሳ ሥጋ እንደ ዶሮ ሥጋ ታጋሽ አይደለም፤ ሲሟሟ በውስጡ ያሉት ቆራጭ ኢንዛይሞች ነቅተው ፕሮቲኑን መከታተፍ ይጀምራሉ።

ልክ ሳጥኑን እንዳወጣች ቀዮ ደወለች። ቀዮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ ወሬ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። በላቦራቶሪው ስልክ ማውራት ስለማይፈቀድ ድንቡሼ ወደ ኮሪደር ወጣች። ከኮሪደር ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ቤተ መጻሕፍት። የማግስቱ የሒሳብ ፈተና ተነሣ፤ ደብተር ተከፈተ። ሳጥኑ ትዝ ያላት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። እየሮጠች ስትመለስ በረዶው ውሃ ሆኖ ቱቦዎቹ ከነሳጥናቸው ተንሳፍፈዋል። አንዷን በጣቷ ጫን አደረገቻት፤ ውስጡ ለስልሶ ነበር።

አክስቷ ክፍል ገብታ እያስተማረች ነበር። ጋሽ በረዶም የጋዝ ሲሊንደር ሊያመጡ ወጥተዋል። ያያት ሰው አልነበረም። ሳጥኑን ጠርጋ ፍሪዘር ውስጥ አስገባችው። በማግስቱ ቱቦዎቹ እንደ ድሮአቸው ደንጊያ ሆነው አገኘቻቸው፤ አይቶ የሚለያቸው የለም። ሳጥን ሲወጣና ሲገባ ሰዓቱ በሚሰፍርበት መዝገብ ላይ ግን አንድ ነገር መጻፍ ነበረባት። የወጣበት 8:10፣ የተመለሰበት 8:20 ብላ ጻፈች።

አሁን ያቺ አሥር ደቂቃ ግኝት ሆና መብራት ላይ ተዘርግታለች።

በሩ ተከፈተና ጋሽ በረዶ ገቡ። የላቦራቶሪው ቴክኒሽያን ናቸው፤ ፍሪዘሮቹን እንደ ልጆቻቸው ስለሚጠብቁ «በረዶ» የሚል ስም ወጣላቸው፣ እሳቸውም ተቀብለውታል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጄሉን አዩ። ብዙ ቆዩ።

«ዶክተር፣ ይሄ ሳጥን ውጭ አልዋለም?» አሉ።

«መዝገቡን አይቻለሁ፣ ጋሽዬ። አሥር ደቂቃ ነው የወጣው።»

«ሌላ ሰው አልነካውም?»

«የጻፈችው ድንቡሼ ናት» አለች አክስቷ፣ እየሳቀች። «እሷ ደግሞ እንኳን ዋሽታ፣ ሲዋሽ ሰምታም ፊቷ የሚቀላ ልጅ ናት።»

ድንቡሼ መሬት መሬት አየች። ፊቷ እየቀላ መሆኑ ስለታወቃት ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች።

መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና ለቀዮ ደወለች። ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረቻት።

«እና ምን ይጠበስ?» አለች ቀዮ። «ማንም አላየሽም። ዝም በይ አቦ።»

«ነገ ሰው ሁሉ ፊት ልትናገረው ነው እኮ።»

«ትናገራ። ደስ ብሏት የለ? አሁን ብትነግሪያት ነው የምታሳብጃት። ደግሞ ከእሷ ጋር ያበቃልሻል፤ ከቤት ብታስወጣሽስ?»

ድንቡሼ ስልኩን ዘጋች። የፈራችውም እሱኑ ነው። እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ያደገችው አክስቷ ቤት ነው። አክስቷ ላቦራቶሪ ድረስ ይዛት የምትመጣው የክፍሉን ኃላፊ ለምና አስፈቅዳ ነው፤ «እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብላ። አሳውም እንደልብ የሚገኝ አይደለም። አጥማጆቹ ከሐይቁ ወለል የሚያወጡት በዓመት አንድ ወር ብቻ ነው፤ ያ ወር ካለፈ ቆይቷል። እውነቱን ብትናገር የአክስቷ የዓመት ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ባትናገር ደግሞ ከሦስት አገር የመጡት ሰዎች ቤታቸው ሄደው ይሞክሩታል፤ የእነሱ አሳ ማዮሲኑ ደህና ሆኖ ይገኛል። ያኔ አክስቷን ምን ይሏታል? ፊቷን ታጥባ በመስታወት አየችው፤ አሁንም እንደቀላ ነው።

ስትመለስ አክስቷ ቢሮዋ ገብታለች። ጋሽ በረዶ ብቻቸውን ጠረጴዛ እየወለወሉ ነበር። ከፊታቸው የአራት ቁጥር ሳጥን በበረዶ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቱቦ በወረንጦ አንስተው ወደ መብራቱ ያዙት።

«የዚህች ምልክት ተጨማዷል» አሉ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ። «እርጥበት ሲነካው እንዲህ ይሆናል።»

ድንቡሼ በሩ አጠገብ ቆመች።

«አሳ ነገረኛ ነው፣ ልጄ። ዶሮ ቢሆን ትንሽ ይታገሥ ነበር። አሳ ግን ያደረግሽውን ሁሉ ያሳብቃል።» ቱቦውን መለሱ፣ ሳጥኑን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፣ በሩን በጉልበታቸው ገፍተው ዘጉት። ሰዓታቸውን አይተው መዝገቡ ላይ ጻፉ። መዝገቡን ግን አልዘጉትም። «እኔ ባልዲውን አጥቤ መጣሁ» ብለው ወጡ።

ያውቃሉ። ማወቃቸው ነው። ወይስ ዝም ብለው ነው? ድንቡሼ እግሬ አውጪኝ ብላ ብትሮጥ በወደደች። ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። መዝገቡ ፊቷ ነው። ከጋሽ በረዶ ጽሑፍ በላይ፣ በሦስተኛው መስመር ላይ፣ የራሷ ጽሑፍ። 8:20። ሁለቷ ትንሽ ተንጋዳለች።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ጋሽ በረዶ ስለዚህ መዝገብ አስተምረዋታል። «እዚህ ቤት ጽሑፍ ማጥፊያ ፍሉይድ የሚባል ነገር የለም። ገጽ አይቀደድም፣ ተጭኖ አይፋቅም። የተሳሳተው በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል፤ ከሥሩ ምን እንደነበር ሁሌ መነበብ አለበት። ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል። ያረመው ይፈርማል፤ ሌላ ሰው ደግሞ አይቶ ይፈርማል።» ያኔ ነገሩ አስቂኝ መስሏት ነበር። ሰው ስህተቱን ለምን አስቀምጦ ያስነብባል?

ከመሳቢያው ማስመሪያ አወጣች። መልሳ አስገባችው። እንደገና አወጣችው። ማስመሪያውን በግራዋ አጥብቃ ይዛ፣ በ8:20 ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመረች። ቁጥሩ ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከጎኑ 11:15 ብላ ጻፈች። «በረዶው ሟሙቶ ነበር» ብላ ጨመረች። ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩ ፈረመች። የምስክሩ ቦታ ባዶውን ቀረ።

የአክስቷ ቢሮ በኮሪደሩ ጫፍ ነው። ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ድንቡሼ መዝገቡን ደረቷ ላይ ታቅፋ ስትሄድ ጋሽ በረዶ ባልዲውን ይዘው ከፊቷ መጡ። መዝገቡን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ግድግዳ ተጠግተው መንገድ ለቀቁላት።

በሩ ገርበብ ብሏል። አክስቷ ለነገው የምትለውን ለራሷ እያነበበች ነበር፤ እንደ ተማሪ ድምፅዋን እያወጣች።

«ግቢ ግቢ፣ አንቺም ስሚኝ» አለች። ከዚያ መዝገቡን አየች። «ምን ይዘሽ ነው?»

ድንቡሼ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ገጹን ከፍታ፣ ለአክስቷ እንዲነበብ አድርጋ አዞረችው።

አክስቷ አነበበች። አንዴ አንብባ እንደገና አነበበች። ፈገግታው ከፊቷ ወዲያው አልጠፋም፤ መጀመሪያ ከዓይኗ፣ ቆይቶ ከከንፈሯ ሄደ። መነጽሯን አውልቃ የነገው ንግግሯ የተጻፈበት ወረቀት ላይ አስቀመጠችው። ከማዶ የፍሪዘሩ ድምፅ ይሰማል።

«ማክሰኞ ነው፣ አክስቴ» አለች ድንቡሼ፣ እንባዋ እየቀደማት። «ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ውጭ ዋለ። ረስቼው ነው። ከዚያ ፈራሁ።»

አክስቷ ቀና ብላም አላየቻት። መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ድንቡሼ መውጣት ትችል ነበር፤ በሩ ከጀርባዋ ክፍት ነው። እሷ ግን የምስክሩን ባዶ ቦታ በጣቷ አሳየች፤ ብዕሩንም ለአክስቷ ዘረጋችላት። አክስቷ አልተቀበለቻትም። የድንቡሼ እጅ እንደተዘረጋ ቆየ፤ አልሰበሰበችውም።