በጊፍቲ አድራሻ

ስርቆቱ የተፈጸመው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። በር አልተሰበረም፤ ወረቀት አልጎደለም። ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለው የጠበቃ አዱኛ ቢሮ፣ አቶ አዱኛ የሟችን ቤተሰብ በወከሉበት የግድያ ክስ ላይ የሚቀርበው ምስጢራዊ ምስክር ቃል ከዋናው ኮምፒውተር ላይ ተገለበጠ። የምስክሩን ማንነት ከአቶ አዱኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ግን ሌላ ሰው አውቋል።

ኢንስፔክተር ሳሚያ ረቡዕ ማለዳ ስትደርስ አቶ አዱኛ በር ላይ ተቀበሏት።

«ጉዳዩ እንኳ አልቋል» አሏት። «ጸሐፊዬ ጊፍቲ ናት። ጣቢያ ታስራለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ችሎት ትቀርባለች።»

አልቋል ሲሏት ሳሚያን ያሳክካታል። ልጅ ሳለች የአባቷን ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሁለቴ ብቻ የገጠመች ሴት ናት።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ጉዳይ አስፈጻሚው ኑሪ ነበር። ኪሱ ውስጥ ፍላሽ ተገኘ። ግማሽ ቀን ሲያገላብጡት ዋሉ፤ ከመንዙማ በቀር ምንም የለበትም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ጊፍቲን ያስያዛት የኮምፒውተር ባለሙያው ዮፍታሔ ያቀረበው ማስረጃ ነው።

«ኔትወርኩ ስለተንቀራፈፈብን ያን ጠዋት በመስመሩ የሚያልፈውን ሁሉ በላፕቶፔ እየቀዳሁ ነበር» አለ ቅጂውን እየከፈተ። «ይኸው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ አድራሻ አለው። ፋይሉን የጠየቀው የጊፍቲ አድራሻ ነው።»

ሳሚያ ቅጂውን ከላይ እስከ ታች አየችው። የዮፍታሔ አድራሻ አለ፤ የጊፍቲም አለ።

«የኑሪ ኮምፒውተርስ?»

«ያን ሰዓት አልሠራ ይሆናል።»

«እንዴ!» አለ ኑሪ ከጥግ። «ክስ ስጽፍ፣ በየደቂቃው ፋይል ሳወጣ ነበር እኮ!»

ዮፍታሔ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ላፕቶፕህ ዊንዶውስ ነው?» አለችው ሳሚያ።

«ዕድሜ ልኬን ዊንዶውስ ነበርኩ። ቫይረስ ሲፈጀው ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ ሲስተም፣ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ጫንኩበት። ይቀላል ደግሞ። ዊንዶውስ ላይ ኬብሉን ወይ ዋይፋዩን እየመረጡ ነው የሚቀዱት። ሊኑክስ ላይ ‹ሁሉንም› ካሉት በቃ።»

ሳሚያ ቅጂውን ይዛ ወደ ጣቢያው ወረደች። ጊፍቲ ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል።

«በዚያ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ወንበሬ ላይ። ትናንት ተናግሬያለሁ።»

«እንደሱ ካልሽ አንቺው ነሽ ማለት ነው። እውነቱን ንገሪኝ እህቴ።»

ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ልደታ ማርያም ነበርኩ። ለእናቴ ዓይን ተስዬ፣ ወር በገባ በአንድ እሳለማለሁ። አቶ አዱኛ በሥራ ሰዓት የወጣ ይባረራል ይላሉ። ሥራዬን ላድን ብዬ ዋሸሁ።»

«መውጣትሽን ማን ያውቃል?»

የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዝ ጀመር።

«ጊፍቲ!»

«ዮፍታሔ። ‹ሂጂ፣ አለሁልሽ› ይለኛል። እሱንም ላስበላው?»

«ኮምፒውተርሽስ?»

«አጥፍቼው ነው የወጣሁት።»

ሳሚያ ወደ ሥራ ቦታዋ ሄደች። እዚያ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አሏት፤ አንዱ ዊንዶውስ፣ አንዱ ሊኑክስ። በሁለቱም ላይ ያንኑ ፋይል ስትልክና ስትቀበል ቀዳች። ዊንዶውሱ ያለፈውን እንዳለ አስቀመጠ። ሊኑክሱ ግን ‹ሁሉንም› ስትለው የራሱን አመል አወጣ። የሌሎችን ወሬ አይሰማም፤ ወደ ራሱ የገባውንና ከራሱ የወጣውን ብቻ ነው የሚቀዳው። በዚያ ላይ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በእያንዳንዱ መልእክት ራስጌ ላይ ገቢ ወይም ወጪ ብሎ ይጽፋል።

የዮፍታሔን ቅጂ ከፈተች። በጊፍቲ አድራሻ የሄደውን ጥያቄ ፈለገች። ራስጌው ላይ ያለውን አንብባ ብቻዋን ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ አሳፈራት።

ሰባት ሰዓት ላይ ቢሮው ተመልሳ ዮፍታሔ ፊት ቆመች።

«ይህን ጥያቄ ከጊፍቲ ኮምፒውተር ሲያልፍ ነው የሰማኸው?»

«አዎ።»

«ላፕቶፕህ ግን ‹ከእኔ የወጣ› ብሎ ጽፎበታል።»

«እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ ዮፍታሔ።

«ዊንዶውስ ላይ የለም። አንተ የለመድከው እሱን ነው። ኑሪም የጠፋው ላፕቶፕህ የማንንም ወሬ ስላልሰማ ነው። ወንበሯ ባዶ፣ ኮምፒውተሯም የጠፋ መሆኑን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። አድራሻዋን ለራስህ ላፕቶፕ ሰጠኸው።»

ዮፍታሔ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሳሚያ ስልኳን አንስታ ጣቢያ ደወለች፤ «ጊፍቲ ንጹሕ ናት፣ መዝገቧን መልሱት» አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ምን አድርጋህ ነው?»

«ምንም። የተከሰሰው ወንድሜ ነው።»

«የማን ወንድም?» አቶ አዱኛ ደነገጡ። «የአባትህ ስም...»

«በእናት ነው የምንገናኘው። በስም ማን ያውቀናል? የሚመሰክርበትን ሰው ቀድሜ አግኝቼ፣ ለምኜ ላስቀረው ነበር።»

«አገኘኸው?» አለችው ሳሚያ። «ስሙን ለወንድምህ ሰጠህ?»

«አልሰጠሁትም» አለ።

«ለምን?»

ዮፍታሔ መልሱን ለእሷ አልሰጠም፤ ወደ አቶ አዱኛ ነበር የሚያየው።

«ወርቄ የሚለውን ሳነብ ከእናቴ ስም ጋር መመሳሰል ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አድራሻውን አየሁት፤ የቤታችን ቁጥር ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «እናትህ ‹ቢሮዎ አልመጣም፣ ውጭ እንገናኝ› ያሉኝ ለዚህ ነው?»

«ይመስለኛል» አለ ዮፍታሔ። «ዛሬ ጠዋትም ቁርስ አቅርባልኝ ነው የወጣሁት። ‹ጎሽ ልጄ፣ በርትተህ ሥራ› አለችኝ።»