ያልፈሰሰው ጠላ

ሐሙስ ጠዋት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከገደል ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ዓይኖቹ ግን ተከድነዋል፤ ነጭ ጥምጥሙም ተጣጥፎ ደረቱ ላይ ተቀምጧል፤ የደም ነጥብ እንኳ የለበትም።

ምክትል ኢንስፔክተር ጤናዬ ከደብረ ማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ በጭቃ ስትንገጫገጭ መጥታ ገና ከመኪናው ሳትወርድ ነበር ፍርዱን ያሸከሟት።

«ምን ልፋት አለው፣ እመቤቴ?» አሏት የሟች አማት አቶ አንሙት። «የዘር ነገር ነው። አባቱም ራሱን ነው ከገደል የጣለ። ይኸም ትላንት ሲያብድ ገበያው ሁሉ አይቶታል።»

«እርስዎስ አይተውታል?»

«እኔማ በሬ ስሸጥ ነበርሁ። ሰው ነው የነገረኝ።»

ጤናዬን የሚያንገበግባት ይኸ ነበር። የጠየቀችው ሁሉ «ሰው ነገረኝ» ይላታል። አለቃዋም በስልክ «እብድ ከሆነ ዝጊውና ነዪ» ብሏታል። እብድ የተባለ ሰው እንዴት እንደ ሞተ የሚጠይቅለት የለም ማለት ነው?

የሟች ሚስት ሔዋን ሆዷ ገፍቷል። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እትዬ፣ ደህና ነበር እኮ! ክኒኑን አንድ ቀን አላጓደለም። ይኸው፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ሳይወለድ ስም ወጣለት፤ የእብድ ዘር አሉት። እርስዎም እንዲያ ብለው ከጻፉት ልጄ አለቀለት።»

«ክኒኑ አይከብደውም ነበር?»

«እጁን ያንቀጠቅጠው ነበር። ውኃ እንኳ ግማሽ ዋንጫ ነው የምቀዳለት፤ በሁለት እጁ ይይዝና ‹እጄ ማኅሌት ገባ› እያለ ያስቀኛል።»

«ዘር ነው ሲሉሽስ?»

«ሐኪሙ የሽዋስ እንዲያ አላለንም። ባሌ የድጓ መምህር ስለሆነ ሐኪሙ በእሱው ሙያ ነው ያስረዳው። ‹ዘር እንደ ድጓው ፊደል ነው፤ አይለወጥም። የቱ ጮኾ እንዲዜም፣ የቱ ዝም እንዲል የሚያዘው ግን ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት ነው። ዱላ፣ ረሃብ፣ የልጅነት ፍርሃት አንጎል ላይ ምልክት ይጥላሉ። ዕረፍትና መድኃኒት አንዳንዱን ይፍቁት ይሆናል፤ ሁሉን ገና አናውቅም› ነው ያለው።»

ከግድግዳው ሥር የተቀመጠውን ሰው ስታይ ጤናዬ ደነገጠች፤ ሟቹ ራሱ ተነሥቶ የመጣ መሰላት። መንትያ ወንድሙ ገዳሙ ነበር።

«እናታችን እንኳ በድምፅ ነበር የምትለየን» አላት።

«እሱ ሲታመም አንተ እንዴት ዳንህ?»

«እኔ በእናቴ ጉያ ነው ያደግሁ። እሱን ለአጎታችን ሰጡት። አጎታችን በዱላ ነው ያሳደገው።»

«ትላንትስ የት ነበርህ?»

«እርሻዬ ላይ።»

በመጨረሻ በዓይኗ ያየች ሰው ተገኘች፤ ጠላ ሻጯ ወለተ ሰንበት።

«እንዴ! ‹አባቴ ይጠራኛል› እያለ፣ ጥምጥሙን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ መጣ! ጠላ አምጪ ሲለኝ እንዳይመታኝ ብዬ ሽክናዋን ጢም አድርጌ ሰጠሁት። ቁሞ በአንድ እጁ ግጥም አላደረጋትም? ጠብታ አላፈሰሰም! ጤነኛው ባሌ እንኳ ግማሹን ጺሙን ነው የሚያጠጣው።»

ጤናዬ ሁሉንም ሔዋን ግቢ ሰበሰበቻቸው።

«ራሱን የጣለ ሰው ዓይኑን አይከድንም» አለች። «የከደነለት፣ እንደ ደንቡ ሳይከድን መሄድ ሆዱ ያልቻለ ሰው ነው። ዘመድ ነው።»

«ገበያ ላይ ያየነውሳ?» አሉ አንሙት።

«ገበያ ላይ ያያችሁት ጥምጥሙን ነው። ጭንቅላቱ ሲፈረከስ ጥምጥሙ ራሱ ላይ ቢሆን ደም በነካው ነበር። ጥምጥሙ ቀድሞ ወድቆ ኖሮ አንድ ሰው አንሥቶ አጠለቀው፤ ‹ራሱን ጣለ› እንዲባል ገበያ ወጥቶ እብድ መሰለበት፤ ተመልሶም ደረቱ ላይ አኖረለት። ያ ሰው ጢም ያለ ሽክና ሳያፈስ ጠጥቷል። ወልደ ሩፋኤል ግማሽ ዋንጫ ውኃ የሚይዘው በሁለት እጁ ነበር። ታዲያ መልኩ የእሱ ሆኖ እጁ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ?»

ሁሉም ወደ ገዳሙ ዞረ።

«ልገድለው ብዬ አይደለም!» አለ ገዳሙ። «ያጨኋትን ልጅ ‹ለእብድ ወንድም አንሰጥም› ብለው ከለከሉኝ። ትላንት በማለዳ ገደሉ አፋፍ ላይ አገኘሁትና ‹በየወሩ ለክኒን ስትመላለስ አገር ያይሃል፤ ተወው› አልሁት። እምቢ አለኝ። ክኒኑን ልነጥቀው ስንተናነቅ ጥምጥሙ ወደቀ፤ እሱም አዳለጠው…»

«እና ያፈርህበትን ስም ራስህ ገበያ ወጥተህ አወጅኸው!» ጤናዬ ጮኸች። «ለእሱ፣ ላልተወለደው፣ ለራስህም!»

አንሙት ወደ ልጃቸው ሆድ አይተው አቀረቀሩ።

ገዳሙ ካቴናው ሲገባለት ቀና አለ። «አንድ ዘር ነን። እኔንም ይይዘኝ ይሆን?»

«እንጃ» አለችው ጤናዬ።

ውኃ ለመነ። ሔዋን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ያ ፊት የባሏ ፊት ነው። ተነሥታ ቀዳችለት፤ እጇ ለምዶ ኖሮ ግማሽ ዋንጫ ነበር። ገዳሙ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ውኃው ከከንፈሩ ሳይደርስ መሬት ላይ ፈሰሰ።