ንጹሕ ዘይት

ካፒቴን በአሮጌ ፍሬን ሃያ ሁለት ዓመት ነድቶ አንድ ዶሮ እንኳን አልገጨም፤ ፍሬኑን ባሳደሰ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ።

መርማሪዋ ይህን የሰማችው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ጎኗን ለግንብ ሰጥታ ከቆመችው አሮጌ ፒክአፕ አጠገብ ሆና ነው። ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኖ መንገዱ ዳር ተጋድሟል። ቀኝ እግሩ ባዶ ነበር፤ ጫማው ፍሬን ፔዳሉ ሥር ተሰንቅሮ ቀርቷል። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሲረግጥ እንደነበር ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ካፒቴን ያሉት ሰፈርተኞቹ ናቸው፤ የደህንነት ቀበቶ በሌላት መኪና ሰው በጫነ ቁጥር «ቀበቶ እሰሩ፣ ልንነሳ ነው!» ስለሚል። በቀልዱ ሲስቁ የኖሩት ሁሉ አሁን አንሶላውን ከበው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ትራፊክ ፖሊሱ። «የፊቱን ፍሬን ከድሮው የሸራ ፍሬን ወደ ዲስክ የቀየረለት መካኒክ የሚስቱ ወንድም ነው። አበላሽቶታል። ይዘነዋል።»

መርማሪዋ «ግልጽ ነው» የሚባል ነገር አትወድም። በሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኗ ግልጽ የተባለ ሁሉ ኋላ ሲያሳፍራት ኖሯል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መነጽር ዓይኗ ላይ ሰካችና የሞተሩን ኮፈን አስከፈተች።

የፍሬን ዘይት የሚጠራቀምባት ትንሽ ዕቃ አልተሰበረችም። ክዳኗን ስትፈታ ከሥሩ ያለው የጎማ ማሸጊያ፣ መካኒኮቹ ጎሚኒ የሚሉት፣ ሙሉ ቀን ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ጣት ተጨማዶና አብጦ አገኘችው። መልሳ ልታስገባው ብትሞክር እምቢ አላት። በክዳኑ ጥርስ መሀል አንዲት አጭር ሰማያዊ ክር ተይዛለች። ክሯን በወረቀት ጠቀለለች፤ ከዘይቱም በመርፌ መሳቢያ ቀድታ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች። ቀጥሎ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር እጇን ስትሰድ አንድ የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ወጣ። ማኅተሙ አልተፈታም።

አለቃዋ በስልክ ተቆጣ። «ነገ እኩለ ቀን ላይ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይድረስ። የሟች ታላቅ ወንድም ጣቢያውን እያመሰው ነው።»

መካኒኩ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ ይቆጥር ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት ግን ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ ይመስላል።

«ምን ትቆጥራለህ?» አለችው።

«ብሎኖቹን። የትኛውን ሳላጠብቅ ቀረሁ እያልኩ። ግን ሁሉንም አስታውሳለሁ፣ ኢንስፔክተር። ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሬያለሁ። አየሩን ሁለት ጊዜ አስወጥቻለሁ። እዚያው ቁልቁለት ላይ ወርጄ የሞከርኩት ራሴ ነኝ።»

«ከዚያ ወዲህ ነክተኸዋል?»

«በእጄ አልነካሁም። በአምስተኛው ቀን የፍሬኑ ቀይ መብራት በራ ብለው ሲደውሉልኝ ንጹሕ ዘይት አስጨመርኩ፣ በቃ። አዲስ ፍሬን ሲላመድ ዘይቱ ትንሽ ዝቅ ይላል።»

«እሱስ ምንም አላለህም?»

መካኒኩ መቁጠሩን ተወ። «ፍሬኑ ይይዛል እንጂ ቶሎ አይለቅም ብሎኛል። አዲስ ጫማ ነው፣ ይላመዳል አልኩት። ሳቅን።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ና ልየው ብለው ምን ነበረበት? ግማሽ ሰዓት አይፈጅም እኮ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ «አስጨመርኩ» የምትለዋን ቃል ብቻ ጻፈችና ከሥሯ አሰመረችባት።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ዳቦ ጋጋሪ ነው። ፒክአፗ የአባታቸው ነበረች፤ አባትየው ሲነዳት ለኖረው ለታናሽየው በመስጠታቸው ሁለቱ ወንድማማቾች ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ሰውዬው ደንበኛ በተሰበሰበበት «ይህችን መኪና ስትቃጠል ሳላያት አልሞትም» ብሎ ሲፎክር ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል።

«ብለዋል?» አለችው።

«ብያለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል» አለና በዱቄት እጁ መላጣውን ነካ። አልሳቀም። «ከታረቅን ግን ሦስት ወር ሆነን። ጠዋት ጠዋት ዳቦዬን የሚያደርስልኝ እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጎማው አካባቢ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ዳቦህ ነው የከሰለው ብሎ አላገጠብኝ።»

እያወራ የዳቦ ቅርጾቹን በብሩሽ ዘይት ይቀባል። እጁ ከልማድ ነው እንጂ ልቡ እዚያ የለም፤ አንዱን ቅርጽ አራት ጊዜ ቀባው። ዘይቱ ቢጫ ነው። መርማሪዋ ጥቂት ጠየቀችው፤ ለምን እንደሆነ እንኳን ሳይጠይቅ ቀዳላት።

«ያ መካኒክ ካልታሰረልኝ እንቅልፍ የለኝም» አላት ስትወጣ። «አንድ ሰውማ ይጠየቃል።»

የካፒቴን ባለቤት ልብስ ሰፊ ናት። በክፍሏ ውስጥ ያልተጨረሰ የተማሪ ዩኒፎርም እስከ መስኮቱ ተከምሯል፤ ሁሉም ሰማያዊ ነው። መርማሪዋ ሰማያዊውን እንዳየች ደፉ ላይ ቆማ ክሯን የጠቀለለችበትን ወረቀት በኪሷ ዳሰሰች። እንደምንም ገብታ ተቀመጠች።

«ፍሬኑን ካላሳደስክ ብዬ የጨቀጨቅሁት እኔ ነኝ» አለች ሴትየዋ። ማልቀሱን ጨርሳው ድምጿ ደርቋል። «እሱማ ደህና ነው ይል ነበር። የፈሩት ይደርሳል። ወንድሜ ደግሞ በነጻ ነው የሠራልን። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አጥቤ፣ አብልቼ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ኢንስፔክተር፣ ባሌን ማንም አይመልስልኝም። ወንድሜን ግን እርስዎ መመለስ ይችላሉ። የሆነውን ነገር ይፈልጉልኝ። ማንም ይሁን፣ እውነቱን ያውጡልኝ።»

«ቀይ መብራት በራ ብሎ ለወንድምሽ የደወለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ካፒቴን መብራቱን ነግሮኝ፣ ምሳ በልቶ ጋደም ብሎ ነበር። ማለዳ ስለሚነሳ ልቀሰቅሰው አልፈለግሁም።»

የመርማሪዋ ዓይን ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለች ትንሽ ጠርሙስ ላይ አረፈ። ልታልቅ ምንም አልቀራትም፤ ውስጧ ያለው እንደ ውሃ የጠራ ነው። «ያ ምንድን ነው?» አለች፣ መልሱን ሳትሰማ ብትቀር እየወደደች።

«የመኪና ዘይት» አለች ሴትየዋ፣ የስፌት መኪናዋን ጀርባ መታ መታ እያደረገች።

«ትንሽ ልውሰድ?»

«ለወንድሜ ከጠቀመ ሁሉንም ይውሰዱት።»

መርማሪዋ ከዚያ ቀጥታ ወደ አለቃዋ ሄደች። ሰው ሲለምን አይታ የምታውቅ፣ ለምና ግን የማታውቅ ሴት፣ መዝገቡ «የቴክኒክ ብልሽት» ተብሎ እንዲዘጋ ለመነች።

«ያለ ምክንያት?» አላት። «ምክንያት የሌለው ብልሽት ዐቃቤ ሕግ አይቀበልም። ወይ መካኒኩ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር አለ። ሌላ ነገር ካለ ጻፊው፤ ከሌለ ልጁ ይከሰሳል።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፒክአፗ ተጎትታ መጥታ መሀል ላይ ቆማለች። መካኒኩ በካቴና ታስሮ ከገዛ መሥሪያ ጠረጴዛው ፊት ቀረበ፤ እህቱ አጠገቡ ሆና ክንዱን ይዛዋለች። ዳቦ ጋጋሪው ክንዶቹን አጣምሮ በር ላይ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የተሞሉ አምስት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል።

«ይህ ከመቀመጫው ሥር ያገኘሁት የፍሬን ዘይት ነው» አለች መርማሪዋ፣ የጠርሙሱን ማኅተም ፈትታ በመጀመሪያው ብርጭቆ ጠብ እያደረገች። በማንኪያ ስታማስለው ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ጠፋ። «እኛ ዘይት እንለዋለን እንጂ ዘይት አይደለም። ከውሃ ጋር ይስማማል። አሁን ደግሞ ከፒክአፗ የቀዳሁትን እዩ።»

በሁለተኛው ብርጭቆ ጨመረችና አማሰለችው። እጇ ሲቆም ግማሹ ጠፍቶ፣ ግማሹ ወደ ላይ ወጥቶ ተንሳፈፈ።

መካኒኩ አንገቱን አስግጎ አየ። «ይህ የፍሬን አይደለም!»

«አይደለም። እውነተኛ ዘይት ገብቶበታል። እውነተኛ ዘይት የፍሬን ጎማዎችን ምን ያደርጋል?»

«ያሳብጣቸዋል» አለ ልጁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ አፉ ቀደመው። «ሲያብጡ ዘይቱ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይደፍኑታል። ፍሬኑ ይይዛል፣ አይለቅም። ይግላል። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ይፈላል፤ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል።»

«በአንድ ቀን የሚሆን ነገርም አይደለም፤ ቀስ እያለ ነው የሚያብጠው። ስለዚህ አንተ በሞከርክበት ቀን ፍሬኑ ደህና ነበር። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ገባ።» በሦስተኛው ብርጭቆ ከጋራዡ የሞተር ዘይት ጨመረች፤ ቡናማ ሆኖ ተንሳፈፈ። በአራተኛው የዳቦ ቤቱን ጨመረች፤ ቢጫ ሆኖ ተንሳፈፈ። «ከፒክአፗ የወጣው ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ጋራዥም ዳቦ ቤትም አይገኝም።»

ከብልቃጦቹ አንዷ፣ የጠራችው፣ ገና አልተከፈተችም። መካኒኩ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ፤ መልሶም ብልቃጧን አየ። ፊቱ አመድ ሆነ።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። ተሳስቼ ነው። ጻፉኝ!»

«አንተ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከበሩ እየተንደረደረ።

«ምን ዓይነት ዘይት ጨመርክ?» አለች መርማሪዋ ዝግ ብላ።

«የሞተር... አይ፣ ሌላ ነው። ምን ያደርግልሻል? አምኛለሁ አልኩ! ውሰዱኝና ይብቃ!»

«ትናንት አስጨመርኩ ነው ያልከኝ። ጨመርኩ አላልክም። በስልክ ሆኖ ደግሞ ሰው ያስጨምራል እንጂ አይጨምርም።» እሷም የምትለውን ባትለው በወደደች፤ ካልተናገረች ግን ይህ ልጅ ከሰዓት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ፊት ይቆማል። «ትናንት ቃል አልመረጥክም፤ ዛሬ እየመረጥክ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ይነገረን እንጂ!»

መርማሪዋ ስም አልጠራችም። ወረቀቱን ፈትታ ሰማያዊዋን ክር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህች በዘይቱ ክዳን ጥርስ ውስጥ ነበረች» አለች። የመጨረሻዋን ብልቃጥ በአምስተኛው ብርጭቆ አንጠባጠበች። እንደ ውሃ የጠራው ዘይት ተንሳፈፈ፤ ከሁለተኛው ብርጭቆ ጋር አንድ ሆነ።

ሴትየዋ የወንድሟን ክንድ ለቃ ቀረበች። ክሯን በጣቷ ነካቻት።

«ክዳኑን ጠርጌው ነበር» አለች። «አቧራ እንዳይገባ ብዬ፣ ባልተነካ ጨርቅ።»

ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ንጹሑን ዘይት ጨምሪበት ነው ያልከኝ» አለችው ለወንድሟ።

«አዎ፣ እታለም።»

«ጥቁሩን የሞተር እንዳታደርጊ፣ ንጹሑን አልከኝ። ከቤታችን ከዚያ የነጻ ዘይት የለም። ለኔ መኪና እንኳን ቆጥቤ ነው የማደርገው። ለሱ አልቆጠብኩም። መብራቱም ጠፋ እኮ! ስጨምርበት መብራቱ ጠፋ።»

«ከመቀመጫው ሥር አስቀምጬ ነበር...» አለ መካኒኩ። «ጠርሙሱን... የምታውቂው መስሎኝ...»

ዳቦ ጋጋሪው ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንድ ሰው ይጠየቃል ሲል ከርሞ፣ የሚጠየቀውን ሰው ሲያገኝ የወንድሙ ሚስት ሆነች። ሄዶ በተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጠና መላጣውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

መርማሪዋ የመካኒኩን ካቴና ፈታች። «ነጻ ነህ» አለችው። ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ሴትየዋ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች።

«እሰሩኝ» አለች።

«ምን ብዬ ልሰርሽ፣ እህቴ?»

«ገድያለሁ እኮ።»

«አልገደልሽም። ሕጉ አደጋ ነው የሚለው። መዝገቡን ዛሬ እዘጋዋለሁ።»

«ወንድሜ አልገደለውም፣ እኔም አልገደልኩትም። ታዲያ ባሌን ማን ገደለው?»

መርማሪዋ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስትመልስ ኖራለች። ዛሬም መልሱን አግኝታው ነበር፣ አምስቱ ብርጭቆዎች እዚያው ጠረጴዛው ላይ አሉ። መካኒኩ እህቱን ከኋላዋ አቀፋት። መርማሪዋ ካቴናውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የሴትየዋ እጆች ግን እንደተዘረጉ ነበሩ።