ብራናው አጠገብ የተገኘው ኩባያ

የአይሁድ ታሪክ ፕሮፌሰሩ ሞተው የተገኙት የብራና ክፍላቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ከፊታቸው የጥንት አይሁዳውያን ነጋዴዎች ሁለት ጎረቤት ነገሥታትን ያስታረቁበት ውል ተዘርግቷል። ከውሉ አጠገብ ሻይ የተረፈበት ኩባያ ቆሟል። ሻዩ ውስጥ ሰው የሚገድል የልብ መድኃኒት ተገኘ፤ ኩባያው ደግሞ የአንዲት የዶክትሬት ተማሪያቸው ንብረት ነው። ፖሊሶቹ ልጅቷን ሊወስዷት በር ላይ ቆመዋል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን አልቸኮለችም። ነገር እንዲህ አልቆና ተሸምኖ ሲቀርብላት ሆዷ ይጠረጥራል።

«ኩባያሽ የት ነው የሚቀመጠው?» አለቻት ተማሪዋን።

«ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ። ማንም ያነሳዋል።»

«እዚህ ክፍል ይዘሽው አትገቢም?»

«እዚህ? ውሃ እንኳ አይገባም እኮ! እርጥበት ከነካው ብራናው ይኮማተራል። አንዴ ቦርሳዬ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ ረስቼ ብገባ ፕሮፌሰር ሳምንት አኮረፉኝ።»

ብራና ጠጋኟ የሟቹ ባለቤትም ይህንኑ አለች። «እሱ እንኳን ሻይ ሊጠጣ፣ ማስነጠስ ሲመጣበት ወደ ውጭ ነበር የሚሮጠው። ሻይ ሲያምረው ወደ ወዳጁ ቢሮ ይሻገራል።»

ወዳጅየው የቀጠናው ዲፕሎማሲ መምህር ናቸው፤ የሟቹ የልጅነት ባልንጀራ፣ የተማሪዋም ሁለተኛ አማካሪ። ወላጆቿ ሲሞቱባት ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ቢሯቸው ውስጥ በተዘረጋው ካርታ ላይ የኩባያ ክብ ያላረፈበት ድንበር የለም።

«ሦስት አገር በሻይ አጥለቅልቀዋል» አለች መርማሪዋ።

«የእኛ ሙያ ካለ ሻይና ካለ ወሬ አይሄድም» ብለው ሳቁ። ወዲያው ፊታቸውን አጠቆሩ። «ልጅቷስ... ምን ይደረግ፣ ያጎረሰ እጅ ተነከሰ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም የብራናው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ኩባያውን እዚህ ያቆመው ሰው፣ ሻዩ እዚህ የተጠጣ እንዲመስል ፈልጓል። ተማሪዋም ሆነች ባለቤታቸው ግን ፕሮፌሰሩ እዚህ እንደማይጠጡ ያውቃሉ፤ ብራና አጠገብ ሻይ ለማስቀመጥም እጃቸው እሺ አይላቸውም። እዚህ ላይ የሚሳሳት ከብራና ጋር ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ መምህሩ ዞረች። «ሻዩን ቢሮዎ አጠጧቸው። እሳቸው እዚህ ተመልሰው ሞቱ። እርስዎ ተከትለው የልጅቷን ኩባያ አኖሩ። ፔርሙስዎን አስመርምሬዋለሁ፤ መድኃኒቱ አለበት።»

«ለምን ብሎ?» አለች ባለቤትየዋ።

«ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደውዬ ነበር። የልጅቷን ጥናት በራሳቸው ስም አቅርበው ለአምባሳደርነት ታጭተዋል።»

ባለቤትየዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ጠዋት ሲወጣ ‹ዛሬ ወዳጄን አጣለሁ› ብሎኝ ነበር። ሊያጋልጠው ኖሯል። አልገባኝም።»

መምህሩ አልካዱም። ተማሪዋ ቀረበቻቸው። በደላቸውን ከሰማች ወዲህ እንባዋ እንኳ ደርቋል።

«ጋሼ፣ ጥናቱንስ ይውሰዱት። ወንጀሉን በእኔ ላይ ያደረጉት ግን ለምንድን ነው?»

«ከሁላችን የሚከራከርልሽ ዘመድ የሌለሽ አንቺ ነሽ» አሉ።

«እርስዎ ነበሩ እኮ ዘመዴ።»